ቀይ ላም በቀይ ገደል

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። የፎገራ ውሃ ወደ ጣና ሸሽቶ፣ ሜዳው ጓያና ሽምብራ ሊዘራበት ጥቁር ጭቃውን ለፀሐይ ገልጦ የተኛበት ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ባለቤቴ እንደምትለው ትናንት የበላሁትን እንኳ አላስታውስም። ያን ቀን ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አየዋለሁ። በውኔ ይሁን በሕልሜ እስካሁን የምጠራጠረውም እሱን ብቻ ነው።

ወረታ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች "የሱን ወሬ ግማሹን ጥለህ ግማሹን ውሰድ" ይላሉ። አልቀየምም። ይህን ግን ሙሉውን ውሰዱልኝ። መሐል ላይ አንድ ሁለት ቦታ ካመለጠኝ ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

ታናሽ እህቴ እታገኝ የተዳረችው ወደ ደጋው፣ ከቀይ ገደል ማዶ ካለች አንዲት መንደር ነው። በአንድ የገበያ ቀን የመንደሯ ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ መንታ ሴቶች ልጆች መገላገሏን ነገረኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት "ቆይ፣ አትቸኩል" አለኝ። ከወሊዱ በኋላ ትኩሳት ጥሏት ጡቷ ደርቋል። በዚያ ላይ የከብት በሽታ ገብቶ በመንደሩ የምትታለብ ላም አልቀረችም። ጎረቤት ያለች አራስ ሕፃናቱን እያፈራረቀች ታጠባቸዋለች፤ ግን ለራሷም ልጅ አልበቃት ብሏል።

"ላም ካለህ ላም፣ ከሌለህ ጸሎት ይዘህ ቶሎ ድረስ" አለና ሄደ።

ላም ነበረችኝ። ቁሐር ሚካኤል አጎቴ ዘንድ የምትውል፣ ዳሚት የምትባል። የኛ አገር ከብት እንደምታውቁት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። ዳሚት ግን ከቀንዷ ሥር እስከ ጭራዋ ጫፍ ቀይ ነበረች። ሜዳው ላይ ስትቆም ከወረታ ሆኖ ላየ ሰው ፍም የተጣለ ይመስላል። ስትታለብ ደግሞ ጣና በቅናት ይናወጣል። (አንዱ ይኼ ነው፣ ጣሉት።)

ችግሯ አንድ ነው። ጥጃዋ በክረምቱ ሞቶባታል። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች። ስለዚህ የአጎቴ ሚስት እንደ አገሩ ልማድ የጥጃውን ቆዳ አድርቃ፣ ገለባ ጠቅጥቃ፣ ሰፍታ፣ አራት የእንጨት እግር ተክላለታለች። ጠዋትና ማታ ጨው ይረጭበትና ከፊቷ ይቆማል። ዳሚት እየላሰችው፣ እየላሰችው፣ ወተቷን ትለቃለች። እንግዲህ ላሟን የሚወስድ ሰው የገለባ ጥጃዋንም መውሰድ አለበት። ጥጃዋ ደግሞ አይራመድም።

አብሮኝ የሚሄድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ጎረቤቴን ሰይድን አማከርኩት። ሱቁ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ እሱ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። ሰይድ ከዚያ በፊት ከመርካቶ ጎንደር በመኪና ሄዷል እንጂ በእግሩ ከገበያው አልፎ አያውቅም። ቢሆንም መንገድ ማቀድ ሲባል እንደሱ ያለ ሰው የለም።

በሱቁ ባንኮኒ ላይ አገሩን ዘረጋው። የክብሪት ቀፎ ወረታ ሆነች። አንድ ሙሉ ሳሙና የጣራ ገዳም ተራራ ሆነ። በሁለት የጨው ቁራጭ መሐል በርበሬ ከመረና "ይኸውልህ ቀይ ገደል" አለኝ። የላምባ ጠርሙሱ የእህቴ መንደር ነው።

"ማለዳ እንነሳለን። ሜዳውን በቀዝቃዛው እንጨርሳለን። ጣራ ገዳምን በግራ ትከሻችን ይዘን፣ በርበሬዋ ውስጥ እንገባለን። ቀትር ላይ ጥላ ይዘን ትንሽ ጋደም። ከዚያ ሽቅብ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠርሙሱ ጋ ነን።"

"ላሟስ?"

"ላሟ ደግሞ ከኛ የተሻለ እግር አላት።"

የሰፈራችን መምሬ በዚያ ሲያልፉ ቆመው የባንኮኒውን አገር አዩና "ይኼማ ሴት እንዝርቷን እያሾረች የምትወጣው መንገድ ነው። ምን ያስጨንቃችኋል?" አሉን። እኛም ደስ አለን። ምን እንደምንበላ ተነጋገርን። ሥጋ ተተወ፤ እሱ የኔን አይበላ፣ እኔ የሱን አልበላ፣ መንገድ ላይ መኮራረፍ እንዳይመጣ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ከዚያ ትንሽ ጨው ለገለባው ጥጃ። እኛ ይህን ስንል አንዲት ሴትዮ ሳሙና ፈልጋ መጣች። ሰይድ ምንም ሳያቅማማ ጣራ ገዳምን አንስቶ ሸጠላት።

"አንተ፣ ተራራውን እኮ ሸጥከው!" አልኩት።

"ምን ቸገረህ? እውነተኛው ከቦታው አይነሳም" አለኝ።

በዚያች ሰዓት ሳቅን እንጂ፣ ነገሩ ምልክት ነበር።

ማለዳ ስንነሳ ሜዳው ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፣ እስከ ወገባችን ድረስ። ከበላይ ሰማይ፣ ከታች ነጭ። ዳሚት ፊት ፊት ስትሄድ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው፤ ቀይ ታንኳ በወተት ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የገለባው ጥጃ ትከሻዬ ላይ ነው፤ የፊት እግሮቹን በቀኝ፣ የኋላዎቹን በግራ እጄ ይዤ። ሰይድ ከኋላዬ እየመጣ ከጥጃው ጋር ያወራል። "አባትህን ከበድከው?" ይለዋል። ያገኘነው ገበሬ ሁሉ ሰላም የሚለው መጀመሪያ ጥጃውን፣ ቀጥሎ እኛን ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ተነነ። ጣራ ገዳም በግራችን ቁልጭ አለ። እስከዚያ ድረስ ዕቅዱ ልክ እንደ ባንኮኒው ነበር።

ከዚያ ቀይ ገደል ገባን።

እኛ የሜዳ ሰዎች ነን። ሰማያችን ሰፊ ነው። ነጋዴ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ነጥብ፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ ዘመድ ሆኖ እስኪደርስ እናየዋለን። እዚያ ግን ግራና ቀኝ ቀይ ድንጋይ ተነስቶ፣ ሰማዩ የነጠላ ጥለት ያህል ቀጥኖ ቀረ። ውስጡ እንደ እንስራ ነው፤ ቀይ፣ ክብ፣ ቀዝቃዛ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ድንጋዩ ራሱ ውስጡ እሳት ያለበት ይመስላል። በመሐል ቀጭን ውሃ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ዋኔዎች ከላይ፣ ከድንጋዩ ጎጇቸው ሆነው ያንጎራጉራሉ። የሰይድ ፊት ቀይ ሆነ፣ እጄ ቀይ ሆነ፣ ነጩ ጋቢዬም ቀይ ሆነ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራ ጀመር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ለሰይድ ስነግረው "እኔም እንደ መስጊድ ነው ልልህ ነበር" አለኝ።

ጣራ ገዳም የለም። ግራ ትከሻችን ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ ነው።

"ሰይድ፣ ተራራው የት ሄደ?"

"ሴትዮዋ ልብስ ታጥብበታለች" አለ።

ቀትር ላይ፣ ዕቅዱ እንደሚለው፣ አንድ የተቦረቦረ ድንጋይ ሥር ጥላ ይዘን ዳቧችንን ቆረስን። የገለባውን ጥጃ በጥላው ውስጥ አጋደምነው። ዳሚትን ፈታናት። ይኼ ነው እንግዲህ የሜዳ ሰው ሥራ። እኛ አገር ከብት ለቀህ ጋደም ትላለህ፤ ዓይንህን ስትገልጥ ላምህ እስከ ጣና ድረስ ብትሄድም ትታይሃለች። ከብት አንገት ላይ ቃጭል ማሰርም እኛ ዘንድ ያስቃል። ዓይን ያለው ሰው ቃጭል ምን ያደርግለታል?

እንቅልፍ ወሰደን። ጣፋጭ እንቅልፍ ነበር። በሕልሜ ዳሚት ሰው ሆና "እኔ መጣሁ" ትለኛለች፤ እኔም "ግቢ" እላታለሁ፤ በሩ ግን ድንጋይ ነው።

ስነቃ ዳሚት የለችም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ተነስቼ ዙሪያውን አየሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ሁሉም ነገር ዳሚት ነው። ያ የተኛው ድንጋይ ዳሚት ነው። ያ ጎንበስ ያለው ዳሚት ነው። ማዶ ላይ ቀንድ ያለው የሚመስለውም ዳሚት ነው። ሺህ ቀይ ላም በየቦታው ተኝቶ ያመሰኳል። አንዱ ጋ ሮጬ ሄጄ "ተነሺ!" ብዬ በጥፊ መታሁት። መዳፌ እስካሁን በክረምት ያመኛል።

"ዳሚት!" ብዬ ጮህኩ።

ሜዳ ላይ ስሟን ስጠራ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ድምፄ ትመጣ ነበር። እዚያ ግን ገደሉ ስሟን ተቀብሎ ለማዶው ሰጠው፣ ማዶው ለላይኛው፣ ላይኛው ለታችኛው። ከየአቅጣጫው "ዳሚት... ሚት... ሚት" ይላል። ሰይድም ሲጮህ፣ እኔም ስጮህ፣ አንድ ሙሉ የሠርግ አጃቢ ላሚቱን የሚፈልግ ይመስላል። እሷ በየት በኩል ትምጣ?

ተለያይተን ፈለግን። ወደ ላይ ሄድኩ፤ ገደሉ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ገባሁ፤ እሱም ለሁለት ተከፈለ። ድንጋዩ ላይ ኮቴ አይታተምም። ፀሐይዋ ከገደሉ ከንፈር ወደ ግድግዳው መውረድ ጀመረች፤ ቀዩ ወደ ሐምራዊ ዞረ። እንዲህ ያለ ውበት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም አላየሁም። ውበቱን ግን የሚያይልኝ ሰው አጣሁ። ዓይኔ የሚያየው የሁለት ሕፃናት የደረቀ አፍ ነበር።

ተመልሼ ከጥጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰይድም ባዶ እጁን መጣ። እኔ እድሜ ልኬን ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳ ሰው የማስቅ ሰው ነኝ። ያን ሰዓት ግን ቀልድ አለቀብኝ።

"ለቁሐር ሚካኤል ተሳልኩ" አልኩት።

"እኔም ልሳልለት እንዴ?" አለኝ ሰይድ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። "ሕፃን እኮ ነው፣ ወንድሜ። ሁለት ሕፃን።"

እዚያው እንደተቀመጥን ከበላያችን ድምፅ መጣ።

"ምነው ደከማችሁ? እኔ ደግሞ ሚዜዎች መጡ ብዬ ፀጉሬን ልሠራ ነበር።"

ቀና አልን። በገደሉ ወገብ ላይ፣ ዝንጀሮ እንኳ አስቦ በሚያልፍበት ጠርዝ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ይሄዳሉ። ከኋላቸው ጥቋቁር ፍየሎች። የፊተኛዋ ፍየል ቃጭሏን ቅጭል ቅጭል ታደርጋለች። ሴትዮዋ፣ እውነቴን ነው፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ ነበር። ክሩ ከእጃቸው እስከ ጉልበታቸው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ እግራቸውን አንድ ጊዜም አላዩትም።

ሰይድ "መምሬ እውነታቸውን ነው" ብሎ አንሾካሾከ።

ወርደው መጡ። ወይዘሮ ደብሬ ይባላሉ። የምንፈልገውን ነገርናቸው። የእህቴን ነገር፣ የመንቶቹን ነገር፣ የዳሚትን ነገር። እያዳመጡ እንዝርታቸው አልቆመችም።

"መልኳ ምንድን ነው?"

"ቀይ ናት፣ እናቴ።"

እንዝርቷ ቆመች።

"ቀይ ላም፣ ያለ ቃጭል፣ በቀይ ገደል!" አሉ። "ከሜዳ ናችሁ፣ አይደል?"

"ከወረታ።"

"ታስታውቃላችሁ። የሜዳ ሰው እግዜርም የሚሸሸግበት አይመስለው።" ከዚያ ዓይናቸው የገለባው ጥጃ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው ጀርባውን ዳሰሱት። "ልጇ ነው?"

"አዎ፣ የሞተው።"

"ታዲያ ልጇን ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ እናንተ ትጮሃላችሁ? መጮሁን ተዉት። እናንተ ስትጮሁ ገደሉ ይጮሃል፣ ገደሉ ሲጮህ እሷ ትሸሻለች። ጨው ይዛችኋል?"

ይዘን ነበር። ጨዋችንን ተቀብለው በውሃው አሟሙ፤ የጥጃውን ጀርባ እንደ ሕፃን አጠቡት። ከዚያ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ በሚነፍስበት፣ የመጨረሻዋ ፀሐይ ባረፈችበት ሜዳማ ድንጋይ ላይ አቆሙት። እኛን ከድንጋይ ኋላ አስቀመጡን። "ትንፋሻችሁንም ዝቅ" አሉ። ፍየሎቹ ተኙ። ቃጭሏ ዝም አለች።

ምን ያህል እንደጠበቅን አላውቅም። እዚያ ጊዜ እንደ ውሃው ነው፤ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ጥጃው በቀይ ብርሃን ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ነፋሱ ሲነካው ጆሮው ትንሽ ይነቃነቃል። አንድ ጊዜ የተነፈሰ መሰለኝ። ሰይድን አየሁት፤ ሰይድም እኔን አየኝ።

ያን ጊዜ ከቀዩ ግድግዳ ላይ አንድ ቁራጭ ተላቀቀ።

ድንጋይ ነበር፤ ዓይኔን ጥዬበት የቆየሁት ድንጋይ። ቀስ ብሎ ተነሳ። አንገት አወጣ፣ ቀንድ አወጣ። መራመድ ጀመረ። ስፈልጋት በአጠገቧ እየሮጥኩ አልፌ ይሆናል። ወደ ጥጃው መጣች፣ አሸተተችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ጊዜ እምቧ አለች፤ ከዚያ ትልስ ጀመር።

ከድንጋዩ ኋላ ማን እንዳለቀሰ አልናገርም። ሰይድ እኔ ነኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ እሱ ነው እላለሁ።

ወይዘሮ ደብሬ ዳሚትን አሰሩልን። ከዚያ የፊተኛዋን ፍየል ጠርተው ቃጭሏን ፈቱና በዳሚት አንገት ላይ አንጠለጠሉት።

"እናቴ፣ ፍየሎችዎስ? እንዳይጠፉብዎ" አልኳቸው።

"የኔ ፍየሎች ጥቁር ናቸው። በዚህ ገደል ጥቁር አይጠፋም።"

"ታዲያ ቃጭሉ ለምን ነበር?" አለ ሰይድ።

እንዝርታቸውን አነሱ። "ለኔ ነበር" አሉ። "ብቻዬን ነኝ። የሰው ድምፅ ሲናፍቀኝ እሱን እሰማለሁ።"

ቃጭሉን ልፈታ እጄን ዘረጋሁ። በእንዝርታቸው ጫፍ እጄን መቱኝ።

"ተወው። ዛሬ ሁለት ልጆች ይስሙት። በል ሂዱ፤ በዚህ በኩል ሽቅብ፣ ቃጭሉን ከፊት አድርጋችሁ። ላምህንም እያየህ!"

መንደሩ ስንደርስ ፀሐይዋ ጠልቃ ብርሃኗ ገና አልሄደም ነበር። እህቴ ቃጭሉን ሰምታ የጎረቤት ፍየል መስሏት ነበር። ሰይድ ጥጃውን ከዳሚት ፊት ይዞ ቆመ፣ እኔ አለብኩ፤ አረፋው ጣባውን ሞላው። ሴቶቹ አፍልተው፣ በውሃ አቅጥነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ በሕፃናቱ አፍ ያንጠባጥቡ ጀመር። ትንሿ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ጨርቁን ይዛ አልለቅም አለች። እታገኝ ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ብቻ የመሰለኝ ሳቅ ነበር።

ልጆቹ አደጉ። የገለባው ጥጃ ሆዱ ተቀዶ ተሰፍቶ፣ ተቀዶ ተሰፍቶ፣ እነሱ ፈረስ አድርገው ሲጋልቡት ነው ያለቀው። ይህን ወረታ ላይ ሳወራ ሰዎች ጣና መናወጡን ያምኑልኝና ጥጃውን ይጥሉብኛል። "እሱን እንኳ ጨምረኸዋል" ይሉኛል። ሰይድን ምስክር እንዳልጠራ ሰይድም እንደኔ ነው፤ እሱ ሲያወራው ጥጃው ተራምዶ ነው የሄደው።

ዳሚት ካረጀች በኋላ ቃጭሉን ልመልስ ሄጄ ወይዘሮ ደብሬ አልቀበልም አሉ። "ስታልፍ አሰማኝ፣ ይበቃኛል" አሉኝ። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ፣ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ ይህን የሚያህል ሽበታም ሰውዬ የፍየል ቃጭል በእጄ ይዤ እያቃጨልኩ በቀይ ገደል አልፋለሁ። ያገኘኝ መንገደኛ ዞር ይልልኛል። እኔ ግን እዚያ ስገባ ጭንቀቴ ሁሉ ደጅ ይቀራል። ብርሃኑ እንደዚያው ነው፣ ውሃውም ድምፅ የለውም። ከሕልሜ ወጥቼ የማላውቅ ይመስለኛል፤ መውጣትም አልፈልግም።

አምና አቃጨልኩ፤ የወትሮው የወይዘሮ ደብሬ መልስ አልመጣም። ጥቂት ሄጄ ደግሜ አቃጨልኩ። ገደሉ ብቻ መለሰልኝ። ቆምኩ። ጆሮዬን ወደ ላይ ጣልኩ።

በመጨረሻ ከላይ፣ ከሩቅ፣ የቀጠነ የእርጅና ድምፅ መጣ።

"ሰማሁ፣ አንተ የሜዳ ሰው! ቀስ ብለህ እለፍ፤ ላምህንም እያየህ!"

ላም አልያዝኩም ነበር። ቢሆንም ዞር ብዬ አየሁ።